ከሽልማቱ መድረክ ጀርባ ያሉ ቤቶች

የድሬዳዋን ምሽት የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ተዘግቶ ማምሸት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ፀሐይ ጠልቃ ብዙ ከቆየች በኋላ እንኳ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ይተፋል። ስለዚህ በእኛ በሳቢያን ሰፈር ሰው ምንጣፉንም፣ ሻዩንም፣ አንዳንዴም ቴሌቪዥኑን ጭምር ወደ በረንዳ ያወጣል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነገር የሆነውም በእንዲህ ያለ በረንዳ ላይ ነው።

በወር አንድ ቀን የምንገናኝበት የባለትዳሮች ኅብረት አለን። ስድስት ጥንዶች ነን። ያን ዕለት ጸሎቱ አልቆ ባጊያና ሻይ ሲቀርብ የቤቱ ባለቤት ቴሌቪዥኑን ከፈተው። ከአዲስ አበባ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ይተላለፍ ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ ተከታታይ ድራማ፣ የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ የሚባለው ዓይነት። ሴቶቹ ቀሚሱን፣ ወንዶቹ የንግግሩን ርዝመት እየተቹ ሳለ መድረኩ ላይ ማይኩ ጠፋ። አስተዋዋቂው በጣቱ መታ መታ አደረገና «ቴክኒሺያኖች፣ እባካችሁ!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

አንዲት እህት ብቻ አልሳቀችም። ባለቤቷ በአንድ የሬድዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሺያን ነው። «ሰማችሁ?» አለች፤ «ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ሆነው። ‘ቴክኒሺያን’ የሚል ቃል ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። እሱም ለወቀሳ።»

ባሏ ነገሩን ለማለባበስ «ኧረ አቦ ተዪው!» ብሎ ሻዩን አነሣ። (በድሬ «አቦ» ያልገባችበት ክርክር የለም።) እሷ ግን አልተወችውም። በትዳር ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ሥርጭት ጠዋት በ12 ሰዓት ስለሚጀምር እሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል። በዓል ሲሆንማ ጭራሽ አይገኝም፤ ሌላው ሰው ቤቱ ተቀምጦ የበዓል ዝግጅት እንዲሰማ አንድ ሰው ስቱዲዮ መቀመጥ አለበት። የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደችው በገና ዋዜማ ነው። እሷ በወሊድ ክፍል ተኝታ ሳለች በሚቀጥለው አልጋ ያለችው እናት ሬድዮ ከፍታ ነበር። ዝግጅቱን ወዲያው አወቀችው፤ የባሏ ተራ ነበር።

«ምጡ ሲመጣ የሱን ሥራ እየሰማሁ ነው የወለድኩት» አለችን። «ድምፁን እንኳ አይደለም። እሱ ድምፅ የለውም። የሌሎችን ድምፅ ነው የሚያስተካክለው።»

ነገሩ የቆየ ቅሬታ ብቻ እንዳልሆነም ያን ምሽት ተረዳን። በዚያው ሰሞን ለወንድማችን ደሞዙ ሻል ያለ፣ ጠዋት ተገብቶ ማታ የሚወጣበት የቢሮ ሥራ ቀርቦለት ነበር። መልስ ሊሰጥ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። እሷ ይሂድ ትላለች። እሱ ዝም ይላል። በመካከላችን ያለ አንድ ወንድም ብድግ ብሎ አንደኛ ቆሮንቶስ 12ን፣ ስለ አካል ብልቶች የሚናገረውን ክፍል ሊያወጣ ሲል ቴክኒሺያኑ ራሱ «እሱን ለሚስቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መጥተህ አንብብላት» ብሎ አሳቀን።

እኔ ግን ሳልተኛ አደርኩ። ለመሆኑ በሬድዮና በቴሌቪዥን ሥራ ሽልማት ሲሰጥ የሚሸለመው ማን ነው? ስሙ ያልተጠራው ሰው ቤትስ ምን ይመስላል?

ለቴሌቪዥን ሥራ ከሚሰጡ ሽልማቶች በዓለም የታወቀው የአሜሪካኖቹ ኤሚ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጃንዋሪ 1949 በሎስ አንጀለስ ነበር። ስሙ የተገኘው ከተዋናይ ወይም ከባለሀብት አይደለም። በዚያን ዘመን የቴሌቪዥን ካሜራ ውስጥ ምስሉን የሚቀበል አንድ የመስታወት ቱቦ ነበር፤ ሠራተኞቹ በቁልምጫ «ኢሚ» ይሉታል። ሽልማቱ የሴት ሐውልት ስለሆነ ስሙን ወደ ሴት አዙረው «ኤሚ» አሉት። እንግዲህ ያ ሁሉ ወርቅና ቀሚስ የተሰየመው በአንድ የካሜራ ዕቃ ነው ማለት ነው! ዛሬ ግን ለቴክኒክና ለመሰል ሙያዎች የሚሰጠው አብዛኛው ኤሚ በሌላ ቀን፣ ከዋናው ምሽት አስቀድሞ ይታደላል። ዕቃው ስሙን ሰጠ፤ ዕቃውን የሚይዘው ሰው ግን ወደ ሌላ አዳራሽ ተላከ። ሬድዮን በተመለከተ ከዚህ የሚቀድም አለ፤ ፒቦዲ የሚባለው ሽልማት በ1940 ሲመሠረት ዓላማው ሬድዮ ለሕዝብ የሰጠውን አገልግሎት ማክበር ነበር። የሚመዝኑትም በዝና ሳይሆን ሥራው ለሰሚው ባደረገው ነገር ነው።

በአገራችንስ? በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ሠዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964፣ ባለቅኔውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን በ1966 ሸልሟል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ስለሆነ ያኔ ገና ጨቅላ ነበር። ኋላ የመጣው የኢትዮጵያ የሥነ ጥበብና የመገናኛ ብዙኃን ሽልማት ድርጅት በስሙ ላይ መገናኛ ብዙኃንን ጨመረ፤ ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ የሕይወት ዘመን ሥራው የተከበረለት በዚሁ ድርጅት ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለዛ የተሰኘው የሬድዮ ዝግጅት አድማጮች በሚሰጡት ድምፅ የዓመቱን ሙዚቃ፣ ፊልምና ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ማስመረጥ ጀመረ። ጉማ የፊልም ሽልማትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ መጣ።

አድማጭ መምረጡ መልካም ነው። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ሰው ድምፅ የሚሰጠው ለሚያየውና ለሚሰማው ነው። የቴሌቪዥን ድራማ ካሜራ የያዘው፣ የምሽቱን ትዕይንት ስድስት ጊዜ ያስደገመው፣ ሌሊቱን ምስል ሲቆርጥ ያደረው ኤዲተር ተመልካች ፊት አይቀርብም። ያልቀረበን ሰው ማን ይመርጠዋል? በየቤተ ክርስቲያናችን ያለውን አስቡት። መዘምራኑ ሲዘምሩ «ሃሌሉያ!» እንላለን። ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ዞር ብለን የምናየው ግን ስፒከሩ ሲጮህ ብቻ ነው፤ ያውም ተቆጥተን። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ዞሬያለሁ!

አሁን ወደ አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። ይህ ቤት ስሙ ተጠርቷል፤ ነገር ግን እንዴት እንደተጠራ ማወቁ ለባለትዳሮች ይጠቅማል።

ብሩክታዊት ጥጋቡ በአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሀውዘር አሜሪካዊ ነው። ያኔ በአገራችን ትምህርት ቤት ሳይገቡ የሚቀሩ፣ ፊደል ሳይለዩ አንደኛ ክፍል የሚደርሱ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ በቴሌቪዥን ግን ለእነዚህ ለትንንሾቹ ተብሎ የተሠራ የአማርኛ ትምህርት አልነበረም ማለት ይቻላል። ባልና ሚስቱ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅት ስንል ሕንፃ እንዳታስቡ። ሥራው የተጀመረው በሳሎናቸው ነው፤ አሻንጉሊቶቹም ከካልሲ የተሠሩ ነበሩ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጸሐይ የምትባል የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ድምፅዋ የብሩክታዊት ነው። የኮምፒዩተሩንና የሥዕሉን ሥራ በአብዛኛው ሼን ያዘው። «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ ልጆች እጅ መታጠብን፣ ፊደልን፣ ከወንድምና ከእህት ጋር መስማማትን ከቀጭኔዋ ተማሩ። ኋላም በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ተሠራ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ይህ የሳሎን ሥራ በሙኒክ ከተማ በሚካሄደው ፕሪ ዠኔስ በተባለው የልጆች ቴሌቪዥን ውድድር ተሸለመ። በዚያ ውድድር የሚቀርቡት ትልልቅ ጣቢያዎች በብዙ ገንዘብ የሠሯቸው ዝግጅቶች ናቸው። በ2010 ደግሞ ብሩክታዊት የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት ካገኙት አንዷ ሆነች።

እኔን የገረመኝ ሽልማቱ አይደለም። ባልና ሚስት አንድ ሳሎን ውስጥ ሥራም ትዳርም ይዘው መኖራቸው ነው። ከእኛ መካከል አብሮ ሱቅ የከፈተ፣ አብሮ ያገለገለ ጥንድ ይህን ያውቀዋል። ምሳ ላይ የተጀመረ የሥራ ክርክር እራት ላይ የቤት ክርክር ይሆናል። ማን ነው ዛሬ ቀረጻው የተበላሸበት? ማን ነው ሳህኑን የሚያነሣው? የነሱ ቤት ይህን እንዴት እንዳለፈው አላነበብኩም፤ ቀጭኔዋ ግን በየሳምንቱ ቀርባለች።

ስለ ልጆች ካነሣን አባባ ተስፋዬን ማለፍ አይቻልም። ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ዘመን አንስቶ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያለ ሲጠራ ኖረ። ተረት ይናገራል፣ ምትሐት ያሳያል፣ መሣሪያ ይጫወታል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግራ እጁ አልነበረውም። ዝግጅቱን ሲያቆም ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፍ ያዘነው የእሱን ተረት ሰምቶ ያደገ ሦስት ትውልድ ነው። ቴሌቪዥን የነበረው ቤት በሰፈር አንድ በነበረበት ጊዜ የኛ እኩዮች በሰው መስኮት ተንጠልጥለን አይተነዋል።

ያኔ አድማጭና ተመልካች በስልክ መልእክት ድምፅ አይሰጥም ነበር። የወደደ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል። እኔ ይህን ከሽልማት ሁሉ አስበልጣለሁ። በሬድዮ ኢትዮጵያ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. «የቀን ቅኝት» የሚባል ተከታታይ ድራማ ይተላለፍ እንደነበር ብዙ ባለትዳሮች ታስታውሳላችሁ። 257 ክፍል ነበረው። ስለ ኤድስ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ባልና ሚስት ስለማይነጋገሩባቸው ጉዳዮች ይናገር ነበር። ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ከአድማጭ መጣለት። ባልየው ለመመርመር እምቢ ሲል፣ ሚስቲቱ ደፍራ ስትናገር በሬድዮ የሰማ ሰው ማታ ከሚስቱ ጋር የሚነጋገርበት ወሬ አገኘ። ያን ሁሉ ደብዳቤ የጻፈው ሰው የተዋናዮቹን መልክ አያውቅም።

ከዚያም በፊት ለወንጌላውያን አማኞች የተለየ ትዝታ ያለው ብሥራተ ወንጌል ሬድዮ ጣቢያ ነበር። የሉተራን ዓለም ፌደሬሽን ጣቢያ ሆኖ በየካቲት 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ወደ አፍሪካ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ በብዙ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር። ከሥርጭቱ ሦስት አሥረኛ ገደማው ብቻ መንፈሳዊ ነበር፤ የቀረው ዜና፣ ጤና፣ እርሻና ትምህርት ነው። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወረሰው፤ በዚያው ማሰራጫ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ መናገር ጀመረ። በዚያ ስቱዲዮ የሠሩ ወንድሞችና እህቶች የስንብት ምሽት አልተደረገላቸውም። ቴክኒሺያኖቹን ግን ዛሬ እንኳ አስባቸዋለሁ። መሣሪያው ያው፣ ቁልፉ ያው ነው፤ የሚወጣው ድምፅ ግን በአንድ ቀን ሌላ ሆነ።

ስለ ከተማችንም አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ነፍስ ሲያጠፋ ጎርፉ የመጣው ከላይ፣ ዝናቡ ከጣለበት ደጋ ነው። ታች የነበረው ሰው ተኝቶ ነበር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ክረምት ሲገባ የድሬ ሰው ወደ ተራራው እያየ ነው የሚተኛው። በእንዲህ ያለ ሌሊት ስቱዲዮ ውስጥ አንድ የነቃ ሰው መኖሩ፣ ማሰራጫው መሥራቱ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ መነሣቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ሥራ ምርጥ የሚባልበት ዘርፍ ግን በየትኛው ሽልማት ውስጥ አለ? ምንም ካልተፈጠረ ማንም አያስታውሰው፤ ጥሩ ሠራ ማለት ደግሞ ምንም አለመፈጠሩ ነው። አሁን ድሬዳዋ በራሷ ኤፍ ኤም 106.1 በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ትናገራለች። ባጃጅ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሬድዮ ይሰማል። የአስተዋዋቂዎቹን ስም ልጆቻችን ሳይቀሩ ይጠሩታል።

ከዚያ ምሽት አሥር ቀን በኋላ ጥንዶቹን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ያነበብኩትን አንድ ነገር ይዤ ነው የሄድኩት። የኤሚን ሐውልት ታውቁት ይሆናል፤ ክንፍ ያላት ሴት አቶም ከፍ አድርጋ ይዛለች። ክንፉ ለጥበቡ፣ አቶሙ ለሳይንሱ ነው ይባላል። ንድፉን የሠራው ሉዊ ማክመነስ የሚባል የቴሌቪዥን ኢንጂነር ነበር። ሐውልቷን ሲቀርጽ እንደ ሞዴል ፊቱ ያቆማት የገዛ ሚስቱን፣ ዶረቲን ነው።

ይህን ስነግራት እህታችን ቡናውን መቅዳቷን አቆመች። «ማለት ያቺ ሁሉም የሚስማት፣ የሚያለቅስባት ሐውልት የቴክኒሺያን ሚስት ናት?»

«አዎን።»

ዞር ብላ ባሏን አየችውና «ታዲያ እኔን መቼ ነው ክንፍ የምትሠራልኝ?» አለችው። እሱም «አንቺ እኮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በሩን ስትዘጊው ክንፍሽ ይታያል» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ሲስቁ አየኋቸው።

ከሳቁ በኋላ ግን ቁም ነገሩን ተነጋገሩ። እሱ በስምንት ዓመት ውስጥ ያልነገራትን ያን ዕለት ነገራት። ዝም ያለው ሥራውን ከእሷ አስበልጦ ስለሚወድ አልነበረም። የቢሮውን ሥራ ቢይዝ ጥሩ ሠራተኛ እንደማይሆን ፈርቶ ነው። ጆሮው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከጆሮው ሌላ ሙያ የለኝም ብሎ ያምናል። እሷ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። እሷ ደግሞ ነገሯ ሌሊቱ ብቻ አልነበረም። ስለ ሥራው ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ነግሯት አያውቅም። በትዳር ውስጥ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያደርገውን ሌላው ሳያውቅ ስምንት ዓመት መኖር እንደሚቻል አልጠረጠርኩም ነበር፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን እኔም ባለቤቴን ስለ ሥራዋ የጠየቅኋት መቼ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ።

የቢሮውን ሥራ ሌላ ሰው ይዞታል። እሱ አለቃውን አነጋግሮ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲገባ ተፈቅዶለታል። ደሞዙ ያው ነው፤ እሷ ይህን ሳትጨምር አታልፍም። የበዓሉ ነገርም ገና አልተፈታም። የሚቀጥለው ፋሲካ ተራው የእሱ ነው። እሷ ግን ልጆቹን ይዛ ስቱዲዮ ድረስ ዳቦ ልታደርስለት ወስናለች፤ ልጅቷ አባቷ ቁልፎቹን ሲነካ አይታ አታውቅምና።

ባለፈው ወር ኅብረታችን ሲያልቅ አብረን በባጃጅ ተሳፈርን። ባጃጁ ውስጥ ሬድዮ ተከፍቷል፤ የሚናገረው ታዋቂ አስተዋዋቂ ነው፤ ሾፌሩም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይሄ ልጅ እኮ ጎበዝ ነው!» አለን። ወንድማችን ጆሮውን ቀስሮ ትንሽ ሰማና፣ «ማይኩን አስጠግተውበታል፤ ‘ጰ’ ሲል ይፈነዳል» ብሎ አጉረመረመ።

ሚስቱ ክንዱን ይዛ፣ «የት ጋ?» አለችው። «እስቲ አሰማኝ።»